ካርታው ላይ ያኖርኳት ነጥብ

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎን እንዴት አደረገዎት? ብርዱ ሲጠና ይብስብዎት ነበርና ሐሳብ ይገባኛል። እማዬስ ደህና ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ድካም ብቻ ነው፣ ተኝቼም አልለቀቀኝም።

ያለፈውን ሳምንት ከሮብ ገበያ በላይ ባሉት ደብሮች ነበርኩ። ሥራዬን ያውቁታል፤ ለቅርስ ቢሮው የየደብሩን ቅርስ ፎቶ አንስቼ፣ ያለበትን ቦታ በታብሌት ካርታ ላይ ነጥብ አድርጌ እመዘግባለሁ። አባ ዘመንፈስቅዱስ የሚባሉ ሽማግሌ አለቃ፣ የደብሩ ብራና ወደተቀመጠበት ዋሻ ይዘውኝ ወጡ። ታብሌቱን ሳወጣ እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ይህን ቦታ የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነን። እዚያ ላይ ከገባ ስንት ሰው ያውቀዋል?» አሉኝ።

ታብሌቱን ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ከተትኩ።

አባቴ፣ የደብራችንን ወንጌል ያሰረቅሁት እኔ ነኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ልጅዎ ስለሆንኩ ዕቃ ቤቱን ከፍተው አስገቡኝ። ወንጌሉን ፎቶ አነሳሁት፤ ነጥቡንም በሩ ድረስ ለይቼ አስቀመጥኩ። የቢሮ ሰው ብቻ የሚያየው መስሎኝ ነበር። ለካ ካርታው ለማንም ክፍት ኖሯል። ይህን ያወቅሁት በሩ ከተሰበረ በኋላ ነው፤ አውቄም ዝም አልኩ። ሃያ ሰባት ዓመት የያዙትን ቁልፍ የደብሩ ሰዎች ሲወስዱብዎት፣ ሰው «ሸጦት ነው፤ በሩንም ራሱ ሰብሮት» ሲል፣ አጠገብዎ ተቀምጬ ምሳ በላሁ።

ከዋሻው እንደተመለስኩ ለኃላፊዬ ነገርኩት። «ያለፈ ነገር አትቀስቅሺ» አለኝ። እኔ ግን ሁሉንም ጽፌ ለቤተ ክህነቱም ለፖሊስም ሰጠሁ። ከሰኞ ጀምሮ ከሥራ ታግጄ ቢሮ አልገባም፤ እሱ አያሳስብዎ።

ፖሊስ ጣቢያ፣ መርማሪው የያኔውን ቃልዎን አነበበልኝ። ዕቃ ቤቱ ማን ገብቶ ያውቃል ተብለው ሲጠየቁ፣ «ከእኔ በቀር ማንም» ብለዋል። ደግመው ጠይቀውዎታል። «ማንም» ብለዋል። ከሥሩ ፊርማዎ አለ። መርማሪው ማንበቡን ትቶ ውሃ ሰጠኝ።

እኔ ገብቼ እንደነበር ፈርሜያለሁ። ቃልዎን ስላፈረስኩ ይቅር ይበሉኝ።

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ጉልበትዎን ያጽናልኝ። ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና ቁይ፣ እቤት እደርሳለሁ።

ልጅዎ