አሮጌውን መስመር ጠራርጎ ማተሚያችንን ዝም ስላሰኘው መሣሪያ
ክቡር የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለአዲሶቹ ኮምፒውተሮችዎ ጭምር ሙሉ ጤንነትን እመኛለሁ። እኔ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የብሬል ማተሚያ ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ መጻሕፍትንና ፈተናዎችን ልጆች በጣታቸው ወደሚያነቧቸው ነጥቦች እቀይራለሁ።

ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ በተጻፉት ፕሮግራሞቻችን ውስጥ ለቋንቋው አሮጌ ስሪት ሲባል የተተዉትን የትእዛዝ መስመሮች በራሱ እያደነ የሚሰርዝ የኮምፒውተር መሣሪያ ስላሰማሩልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቅር ያለኝ በጥቂቱ ነው፤

፩. መሣሪያው «ስሪቱ አሮጌ ከሆነ በዚህ ሂድ» የሚሉትን መስመሮች ማንም አይሄድባቸውም ብሎ ጠራርጓቸዋል። የእኛ ማተሚያ የሚሄደው በእነሱ ብቻ ነበር፤ የተገጠመለት ኮምፒውተር ከአሮጌው ስሪት በቀር ሌላ አይቀበልምና። አዲስ ኮምፒውተር ይሰጠን ብለን ከጻፍንልዎ ስድስት ዓመት ሆኖናል። መሣሪያዎ ግን ሥራውን በአራት ደቂቃ ስለጨረሰ ቅልጥፍናዎን ሳላደንቅ አላልፍም።

፪. ማተሚያው ዝም ባለ ዕለት ወደ ባለሙያዎ ደወልኩ። እጅግ ጨዋ ሰው ናቸው፤ «እትዬ፣ እኔ አልሰረዝኩትም፤ መሣሪያው ነው» አሉኝ። ለምኜአቸው ሐሙስ ዕለት መስመሮቹን መለሱልኝ፤ ማተሚያውም ሠራ። መሣሪያው በየሰኞ ማለዳ እየዞረ እንደሚያጸዳ ግን እሳቸውም ዘንግተውት ኖሮ፣ ሰኞ ስገባ ሁሉም ተመልሶ ጠፍቷል። እግሩ ላይ ወድቄ እንዳልለምን መሣሪያ እግር የለው።

፫. ያ ሰኞ የማጠቃለያ ፈተና ቀን ነበር። ፈተና ምስጢር በመሆኑ የምናትመው በዕለቱ ጠዋት ነው። አሥራ ዘጠኝ ልጆች እጃቸውን ባዶ ዴስክ ላይ አሳርፈው ሲጠብቁ፣ የሒሳብ መምህሩ ሌላ ምርጫ ቢያጡ ጥያቄዎቹን ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ሁልጊዜ አንደኛ የምትወጣው ተማሪያችን አንዱን ጥያቄ ሦስት ጊዜ አስደገመች፤ ከዚያ በኋላ አፍራ ማስደገሙን ተወች፤ ፈተናውንም ወደቀች። ይቅርታ ልጠይቃት ብሄድ፣ «እትዬ፣ በጣቴ ቢሆን እኮ ወደ ቁጥሩ ተመልሼ እነካው ነበር፤ በጆሮ ሲሆን ያልፋል» አለችኝ።

፬. ሪፖርትዎ ጽዳቱ «ያለ አንዳች ቅሬታ» መጠናቀቁን ይገልጻል። ልክ ነው፤ የቅሬታ ማስገቢያ ገጽዎም በእኛ ኮምፒውተር አይከፈትም።

ምን እንዲያደርጉልኝ እንደምጠይቅ እንኳ አላውቅም። መስመሮቹ ቢመለሱ ሰኞ ይመጣል፤ ልጅቷም ለፈተናው ዳግመኛ አትቀመጥም ተብላለች።

ለፈጣን አገልግሎትዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
ሥራ ፈት የብሬል አታሚ

ማስታወሻ፦ ይህ ግልጽ ደብዳቤ ነውና ልጆቹም እንዲያውቁት ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አንዷ «ኃላፊው ማንበብ ይችላሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ዓይናቸው እንደሚያይ ብቻ ነገርኳት።