ደረጃ የሚወጣ ጀልባ የሠሩት የእትዬ ሜትር የሕይወት ታሪክ

ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ሜትር የሚላቸው ጀልባ ሠሪ፣ ከጀልባ ሠሪ አባታቸውና ከሸራ ሰፊ እናታቸው፣ ወደቡ ዳር ካለው ወርክሾፕ በላይ ባለችው ክፍል የዛሬ ሰማንያ አራት ዓመት ተወለዱ። ስምንተኛ ክፍል እንደጨረሱ ሜትር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከአባታቸው ጋር ሥራ ጀመሩ። ቅጽል ስሙም ከዚያ ወዲህ አልለቀቃቸውም።

አባታቸው የሚሠሩት ካያክ፣ ማለትም አንድ ሰው ተቀምጦ የሚቀዝፈው ጠባብ የባሕር ጀልባ፣ ርዝመቱ ከአምስት ሜትር አያንስም ነበር። «አጭር ጀልባ ዕድሜ ያሳጥራል» ይሉ ነበር። እትዬ ሜትር በሃያ ስድስት ዓመታቸው ለአንዲት አስተማሪ የሸጡት ጀልባ ግን ወደ ቤታቸው ሲወጣ ሦስተኛ ፎቅ ሳይደርስ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ተቀረቀረ። ወደ ላይም ወደ ታችም እምቢ አለ። ጎረቤት ሁለት ቀን ጎንበስ እያለ ከሥሩ አለፈ። እትዬ ሜትር ጀልባውን እንጂ ደረጃውን አልለኩም ነበርና ጥፋቱን በራሳቸው አድርገው መጋዝ ይዘው ወጡ። ከወገቡ አንድ ሜትር ቆርጠው አወጡና ሁለቱን ጫፍ ወርክሾፕ ወስደው ገጠሙት።

አባታቸው «ቁራጭ ላይ ማኅተሜ አያርፍም» አሉ። ያለዚያ ማኅተም ደግሞ የሚገዛ የለም። አስተማሪዋ ግን በረጅም እንለውጥልዎ ቢባሉ አሻፈረኝ ብለው፣ በዚያው ጀልባ ለደሴቱ ዙር ውድድር ቀረቡ።

አንድ ቀዛፊ ዳር የቆሙትን እትዬ ሜትርን «እትዬ፣ የቀረውን የት ጣሉት?» አላቸው።

«ደረጃ ላይ። ስትመለስ ታነሣዋለህ።»

በቀጥታው ውሃ ሁሉም አስተማሪዋን ጥሏቸው ሄደ። ንፋሱ ሲነሣና በድንጋዮቹ መካከል ወዳለው ጠባብ የጀልባ መጠለያ መግባት ግድ ሲሆን ግን፣ ረጃጅሞቹ ለመዞር ሲታገሉ አስተማሪዋ በሁለት ቀዘፋ ታጥፈው ገቡ። ከዚያም ጀልባውን ያለ አጋዥ በትከሻቸው ተሸክመው በእትዬ ሜትር አባት ፊት አለፉ። አባትየው ማኅተሙን አምጥተው መቱበት።

ከዚያ ወዲያ ፎቅ ላይ የሚኖረው፣ ትንሽ መኪና ያለው፣ ወገቡን የሚያመው ሁሉ ለአራት ሜትሩ ጀልባ ተሰለፈ። እትዬ ሜትር የገዢውን ቤት ሳይለኩ ትእዛዝ አይቀበሉም ነበር። «ቶሎ ለመድረስ ረጅሙን ግዛ፤ ቶሎ ቶሎ ለመውጣት አጭሩን» ይሉ ነበር። ባለቤታቸውንም ያገኙት የአንድ ሕንፃ አሳንሰር ሲለኩ ነው። አሳንሰር ጠጋኙን አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወልደዋል።

የልብ ሕመም ከያዛቸውም በኋላ እስከ መጨረሻው ወር ድረስ ጀልባቸውን ራሳቸው አውርደዋል። ባለፈው ሐሙስ ማለዳ በተወለዱባት ክፍል ዐረፉ። ባለቤታቸው ቀድመዋቸዋል፤ ሦስት ልጆችና ሰባት የልጅ ልጆች ትተዋል።

አጭር ጀልባ ዕድሜ ያሳጥራል የተባሉት እናታችን ሃምሳ ስምንት ዓመት በአጭር ጀልባ ቀዝፈዋል። የወርክሾፑን ደረጃም አስቀድመው ለክተው ቁጥሩን ለልጆቻቸው ሰጥተዋልና፣ ዛሬ ሣጥናቸው መታጠፊያውን ሳይነካ ይወርዳል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ወደ ጸጥተኛው መጠለያ ያስገባልን፤ ለቀረነውም መጽናናቱን አያሳጣን።