ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ

ሰኞ፣ ጥር 5 ቀን 1978

ብዕሩን የያዘችው ልጄ ዘርፉ ናት። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። ቃሉ ግን የኔ የጃራ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። ያልኩትን ትጻፍ፣ ያላልኩትን አትጨምር። ለምን አስጻፍኩ? ዘንድሮ ሰው ያላለውን ብሏል እየተባለ ነው። ነገ "ጃራ እንዲህ ብሎ ነበር" ሲሉኝ የማወጣው ወረቀት ይኑረኝ።

ዛሬ ብዙ ነገር አልነበረም። የጉድጓዱ ገመድ ተበልቶ ነበር፣ ቀየርኩት። ጉድጓዱን የቆፈርኩት በ1946 ነው። ብቻዬን፣ አሥራ ሁለት የሰው ቁመት። ከዚያ በፊት ሴቶቹ ከአዋሽ ነበር የሚቀዱት... አዞ የወሰዳት አለች። ዛሬ መንደሩ ሁሉ ከኔ ጉድጓድ ይጠጣል። ውኃው እንደ መስታወት ነው።

ከሰዓት በኋላ ሽኩር መጣ፤ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር።

"አባባ ጃራ፣ ሐሙስና ዓርብ ናዝሬት ሴሚናር አለ። ስለ አካባቢ ጥበቃ። ታዋቂ ተናጋሪዎች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ።"

"ታዲያ እኔን ምን አገባኝ?"

"የጉድጓዱ ባለቤት ይምጣ ተብሏል።"

ስለ ጉድጓዴ ማን ነገራቸው? አዲስ መንደር አስፋልቱ ዳር ተሠርቶ እኛን ወደዚያ ማዛወር ከታሰበና እኔም አልነሳም ካልኩ ወዲህ፣ ሽኩር ፊቴን አያይም ነበር። ዛሬ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። አልወደድኩትም።

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ልጄ ፈይሳ ዛሬም ጎብጦ ዋለ። የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ ጫማውን ለማሰር ሚስቱን ይጠራል! በሱ ዕድሜ እኔ ድንጋይ እፈነቅል ነበር። ጥርሱም እንደ እኅቱ እንደ ዘርፉ ቡናማ ነው፣ የዛገ ቆርቆሮ። መፋቂያ ያዙ ብዬ ስንት ዘመን ጮህኩ? ዘርፉን ሁለት ጊዜ ሊያጯት መጥተው፣ ስትስቅ አይተው ሄዱ። እኔ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። አንድም ጥርስ አልወለቀብኝ፣ ወተት ነው። ስንፍና ነው ሌላ አይደለም...

ዘርፉ ብዕሩን አቁማ አየችኝ። ጻፊ አልኳት።

የፈይሳ ልጅ ጽጌ ሰባት ወሯ ነው። ውኃ ከጀመረች ወር ሆናት። ዛሬ ከጉድጓዱ ቀድቼ በእጄ አጠጣኋት። ጨብጣኝ ጠጣች።

ሐሙስ፣ ጥር 8

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ግድግዳው መፈክር በመፈክር። መጀመሪያ አንድ ወፍራም ሰው ስለ ደን ተናገረ። አንድ ሰዓት። የተደገፈው ጠረጴዛ ይኼን የሚያህል ዝግባ ነው። ቀጥሎ የመጣው ስለ አፈር ተናገረ፤ ጫማው ላይ አፈር የሚባል የለም። ሁሉም ፊት የአምቦ ውኃ ተደርድሯል። ስለ ውኃችን ሊናገሩ መጥተው ውኃችንን አይጠጡም?

ከሰዓት በኋላ ዶክተር ይርጋለም የምትባል ሴት ተነሳች። ቀጭን፣ ድምጿ ዝግ ያለ። አንሶላ ሰቅላ ሥዕል አበራችበት። ጥርስ! ቡናማ፣ አንዱ ክንድ የሚያክል። ከዚያ የጎበጠ ጀርባ። ፍሎራይድ የሚባል ነገር አለ አለች። ከድንጋዩ ወደ ጉድጓድ ውኃ ይገባል። አይታይም፣ አይሸትም፣ ቢያፈሉትም አይወጣም።

"የዚህ አገር ሰው ጥርሱ የተበላሸው፣ ጀርባው የደረቀው በውኃው ነው" አለች።

ተነሳሁ። "በማን ውኃ?"

ሽኩር ኮቴን ጎተተኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ውኃው መርዝ ነው ይሉና ጉድጓዱን ይዘጋሉ። ጉድጓድ የሌለው መንደር ደግሞ ይነሳል። ብልጦች!

ዓርብ፣ ጥር 9

የራሴን ውኃ በጀሪካን ሞልቼ ሄድኩ። በር ላይ ያለው ዘበኛ "አባባ፣ ጠላ ነው እንዴ?" አለኝ። "ጠላ ቢሆን ላንተ አላሳይም" አልኩት።

ሴትየዋ ፊት ሄጄ ጀሪካኑን አስቀመጥኩ።

"ልጄ፣ ይኼ የኔ ጉድጓድ ውኃ ነው። መርዝ ነው ካልሽ አትጠጪውማ።"

አምቦዋን ገፋ አደረገችና ብርጭቆዋን ዘረጋች። ቀዳሁላት። እስከ ታች ጨለጠችው።

"ይጣፍጣል፣ አባቴ።"

ሰው አጨበጨበ። አሸነፍኩ አልኩ።

"አንድ ብርጭቆ ምንም አያደርገኝም" አለች። "ጥርሴም በቅሎ አብቅቷል። ጥርስን የሚያበላሸው በልጅነት ሲጠጡት ነው። እርስዎ የት ነው ያደጉት?"

"ጭላሎ ተራራ ሥር። የምንጭ ውኃ ጠጥቼ።"

"እዚህስ መቼ መጡ?"

"ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝ።"

"ለዚህ ነዋ ጥርስዎ የነጣው።"

"በመፋቂያ ነው!" አልኩ። አዳራሹ ሳቀ። ከኔ ጋር ይሁን በኔ ላይ አልገባኝም።

"ከጉድጓዱ ወዲህ እዚያው ተወልዶ ያደገ፣ ጥርሱ የነጣ ሰው ያውቃሉ?"

"ሞልቷል!"

ሞልቷል ወይ? በጋሪ ስመለስ አሰብኩ፣ አሰብኩ... አንድም ፊት አልመጣልኝ።

እሑድ፣ ጥር 11

ጥምቀት ነው። ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ለማየት አመቸኝ። ከጧት ጀምሬ ቤት ለቤት ዞርኩ፣ ውሸቷን ላወጣ። አፍህን ክፈት። አፍሽን ክፈቺ። ያንዱም አልነጣም። ሌላው ቤትም... ሌላውም።

የጎረቤታችን የመሐመድዘይን ሚስት ዘሃራ "ምን ሆኑ አባባ፣ በቅሎ ሊገዙ ነው?" አለችኝ። ሳቀች። ቡናማ። በዚህ መሐል ልጅዋ ሳፊያ ብቅ አለች፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ። ጥርሷ ጥጥ!

"ይኸው!" ብዬ ጮህኩ። "ይኸው፣ የኔን ውኃ ጠጥታ ያደገች!"

"ኧረ አባባ" አለች ዘሃራ፣ "ሳፊያ እኮ አሰላ አክስቷ ዘንድ ነው ያደገችው። ወደኔ የመጣችው ዓምና ነው።"

እዚያው ደጃፏ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ዘሃራ ደነገጠች፤ ውኃ ልስጥዎ ወይ አለችኝ። ውኃ!

ቤት ገባሁ። ዘርፉን ጻፊ አልኳት። ልጄ ዘርፉ ሰነፍ አይደለችም። ፈይሳም አይደለም። ያጠጣኋቸው እኔ ነኝ።

ጻፈችው።

"አባዬ፣ አታውቅም ነበር እኮ" አለችኝ። ይህንን አትጻፊ አልኳት... ጽፋዋለች።

ሰኞ፣ ጥር 12

የፈይሳ ሚስት ለጽጌ ውኃ ልትቀዳ መጣች። ባልዲውን ይዤ አልለቅም አልኳት። ያበድኩ መስሏት ባሏን ጠራች።

ሐሙስ፣ ጥር 15

ሽኩር ወረቀትና የቀለም ሣጥን ይዞ መጣ።

"አባባ፣ ስለ ውኃው የተወራው ነው። ጣትዎን ያሳርፉበት።"

አንብቢው አልኳት ዘርፉን። ሁለት መስመር ስለ ውኃው። የቀረውስ? ነዋሪው ውኃው ስላልተስማማው ወደ አዲሱ መንደር ለመዛወር በፈቃዱ ጠይቋል ይላል።

"መቼ ጠየቅኩ?"

"ያው ነው እኮ፣ ውኃው መጥፎ ከሆነ..."

"የአዲሱ መንደር ውኃ ከየት ነው?"

የቀለም ሣጥኑን ከፈተ።

"ከየት ነው አልኩህ!"

"ጉድጓድ... ይቆፈራል።"

ሳቄ መጣ። "እዚህም ጉድጓድ፣ እዚያም ጉድጓድ! በል ቀለምህን ክደን።"

"አባባ፣ ይኼ ያስጠይቃል።"

"ይጠይቁኛ። ውኃው መጥፎ ነው፣ እሱን በአደባባይ እናገራለሁ። ልነሳ ብዬ ግን አልጠየቅኩም።"

ሄደ። ሽኩርን መጠርጠሬ ልክ ነበር። ሴትየዋን ግን... ምን ልበል? ከጠረጠርኳቸው ሁሉ እውነቱን የነገረችኝ እሷ ናት።

እሑድ፣ የካቲት 2

የጉድጓዱን አፍ በሳንቃ ከደንኩት። ለልብስና ለጭቃ ብቻ ይከፈታል፤ ለጉሮሮ አይቀዳም። ሰዉ ሰደበኝ። "ሠላሳ ዓመት አጠጥተኸን ዛሬ ትከለክለናለህ?" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። አሁን በሁለት አህያ ከአዋሽ እጭናለሁ፤ ለሕፃን ላለበት ቤት አስቀድሜ አደርሳለሁ። የወንዙ ውኃ የራሱ በሽታ አለው፣ አፍልተን ነው የምንጠጣው። ለክረምቱ ከቆርቆሮ የሚወርደውን የምንይዝበት በርሜል እያፈላለግኩ ነው። ስለ መዛወሩ እስካሁን የጠራኝ የለም። ሲጠሩኝ ያንኑ እላለሁ።

ሐሙስ ዶክተሯ ናዝሬት መጥታለች ሲሉኝ ሄድኩ። ስለ ፈይሳ ጀርባ ጠየቅኳት። ወደነበረበት አይመለስም፣ እንዳይብስበት ግን ውኃውን ይተው አለችኝ። እንደማትዋሸኝ ያወቅኩት እዚያ ላይ ነው።

"ጽጌስ?" አልኩ። "የልጅ ልጄ። አንድ ወር ጠጥታለች፤ በእጄ።"

"ካሁን ወዲያ ካልጠጣች ደህና ትሆናለች ብዬ አስባለሁ፣ አባቴ።"

"ታስቢያለሽ? አታውቂም?"

"በደንብ የሚለየው የወተት ጥርሷ ወልቆ ዋናው ሲበቅል ነው።"

"መቼ?"

"ስድስት ሰባት ዓመት ሲሆናት።"

ያኔ እኔ ሰባ ዘጠኝ ልሆን ነው። አልደርስ ይሆናል። ደብተሩን ለራሴ ነበር ያስጀመርኩት፣ ለሽኩርና ለመሰሎቹ መልስ እንዲሆነኝ። ተውኩት። ለልጅቱ ይቀመጥ። ዘርፉ፣ ይህንን በትልቁ ጻፊ።

ጽጌ፣ ጥርስሽ ነጥቶ ከበቀለ፣ ያቺ ሴት ልክ ነበረች ማለት ነው። ካልነጣ፣ ያጠጣሁሽ እኔ አያትሽ ጃራ ነኝ። ሌላ ሰው እንዳትጠረጥሪ። ራስሽንም ሰነፍ ነኝ እንዳትይ፣ ማንም እንዳይልሽ።

በይ ዘርፉ፣ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። የጽጌ ስም ላይ ስትደርሺ ጮክ በይ።