ስንዝሯ ከየት መጣች?

ጥቅምት 3
ሰባ ዘጠኝ ሞላኝ። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ። ሻይ ራሴ አፈላለሁ። በከዘራ እስከ በር እደርሳለሁ... እስከ ዛሬ። ይኸው እጽፋለሁም፣ ፊደሉ ቢንጋደድም።
ልጄ ዊልቸር ይዛ መጣች። "ሁለቴ ወደቅህ አባዬ። ወይ እዚህ ላይ ትቀመጣለህ፣ ወይ ቤቱን ዘግቼ እኔ ጋ እወስድሃለሁ።"
አርባ ዓመት ብስክሌት ስጠግን ኖሬ፣ አሁን እኔን በጎማ? ሞቼ ነው!

ጥቅምት 5
ልጄ ስትወጣ ዊልቸሩን ፈተሽኩት። ጎማው ደህና ነው። ከጎኑ በእጅ የሚገፉት ክብ ብረት አለ። ከጎማው ያንሳል፣ አብሮት ታስሯል።
አንድ ዙር አስኬድኩት። የሄደበትን በሲባጎ ለካሁ። ልክ የጎማው ዙሪያ። የብረቱን ዙሪያ ለካሁ። በስንዝር ያጥራል።
ትንሹም የዞረው አንዴ ነው። ታዲያ እንዴት እኩል ደረሰ? ስንዝሯን ከየት አመጣት? ያን ሁሉ ዘመን ጎማ ሳዞር ዕውር ነበርኩ እንዴ?

ጥቅምት 6
ጎረቤቴን ጠራሁት፣ ጡረታ የወጣውን የሒሳብ መምህር። አሳየሁት። ሳቀ።
"ጋሼ፣ ይቺ እንቆቅልሽ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኗታል። ስንቱን ሊቅ አድክማለች!"
"ትንሹ እየዘለለ ነዋ።"
"የት ጋ ዘለለ? ያሳዩኝ።"
ፈለግሁ። የትም አይዘልም።
"በትንሹ ላይ ያለች እያንዳንዷ ነጥብ በትልቁ ላይ ጓደኛ አላት። አንዲት አትተርፍ፣ አንዲት አትጎድል።"
"ነጥባቸው እኩል ከሆነ ምነው አጠረ?"
"የነጥብ ብዛት ሌላ፣ ርዝመት ሌላ። ነጥብ ተቆጥሮ አያልቅማ፣ ጋሼ!"
"ውሸታም!" አልኩት። ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ጥቅምት 7
ለልጄ ቁርጡን ነገርኳት። ይህ ነገር እስኪገባኝ አልቀመጥም።
"ሊቆቹ ሁለት ሺህ ዓመት ፈጅቶባቸዋል አላልክም?"
"እና አንቺን ምን አስቸኮለሽ?"
ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች።

ጥቅምት 15
ወደቅሁ። ከአልጋው እስከ መስኮቱ እንኳ... ለማንም አልተናገርኩም።

ጥቅምት 19
ሦስቴ ልነሳ ሞከርኩ። እግሬ የሌላ ሰው እግር ሆኗል።

ጥቅምት 22
ተቀመጥኩ።
ራሴ እገፋዋለሁ ብዬ ብረቱን ጨበጥኩ። እጄ እምቢ አለ። ልጄ ከኋላ ገፋች። እስከ መንገዱ ድረስ ዓይኔን ከብረቱ አልነቀልኩም። ይዞራል... የሚሠራ ይመስላል። ግን በራሱ ቢሄድ ኖሮ በየዙሩ ስንዝር ወደ ኋላ በቀረ። እየሄደ አይደለም። ትልቁ እየጎተተው ነው። እዚህ ጋ ጎተተው የማይባል፣ ግን በእያንዳንዷ ነጥብ ላይ።
ገባኝ። ባልገባኝ ይሻል ነበር።

ልጄ ትገፋለች፣ እኔም እንደ ብረቱ የምሄድ እመስላለሁ።

ያለብኝን ልጻፈው፣ ሳልረሳ። መምህሩን ውሸታም ብዬዋለሁ፤ ቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ መጠየቅ። የሚስቴን መቃብር አረም ውጦታል፤ መንቀል። የዳቦ ሻጯ ብስክሌት ፍሬን አይይዝም፤ ቃል ገብቻለሁ፣ መጠገን።
ሁሉንም ራሴ።