ጋሽ ለገሰን ለሊቶኒያ ስለመስጠት

ለክቡር ጋሽ ለገሰ፣
የማሪዬታ ኢትዮጵያውያን ቤዝቦል ቡድን ሊቀመንበርና አሰልጣኝ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ በተለይም የቀኝ ጉልበትዎ፣ እንዴት ነው? እኛ ቅዳሜ ከሊቶኒያ ጋር ካለብን የዋንጫ ጨዋታ በስተቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ ሁሉም በሚያየው የቡድናችን ግሩፕ ላይ ያወጣሁት፣ አንድ ተጫዋች ትሬድ እንድናደርግ፣ ማለትም ለሌላ ቡድን ሰጥተን በምትኩ የሚረባ ነገር እንድንቀበል፣ በትሕትና ለማሳሰብ ነው። ተጫዋቹ የስልሳ አንድ ዓመቱ ኳስ ወርዋሪያችን ጋሽ ለገሰ ናቸው። ስማቸው ከእርስዎ ስም ጋር አንድ መሆኑ፣ መልካቸውም ቁርጥ እርስዎን መሆኑ አልጠፋኝም። ሆኖም ሊቀመንበሩ ጋሽ ለገሰ ሚዛናዊ ሰው ስለሆኑ፣ ተጫዋቹን ጋሽ ለገሰን እንደ ባዕድ ያዩልናል ብዬ አምናለሁ።

1ኛ. ተጫዋቹ ውድ ናቸው። ደመወዝ እንደሌላቸው አውቃለሁ። ነገር ግን ኳስ ሲመቱ የሚሮጥላቸው ቶሚ ነው፤ የወደቀች ኳስ ጎንበስ ብላ የምታነሳላቸው ርብቃ ናት፤ በእረፍት ጉልበታቸው ላይ በረዶ የምይዘው ደግሞ እኔ ነኝ። አንድ ሰው ለማሰለፍ ሦስት ሰው እናወጣለን።

2ኛ. የሚወረውሯት ኳስ እጅግ የተረጋጋች ናት። ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብዬ የምቀበላት እኔ ስለሆንኩ መመስከር እችላለሁ፤ እስክትደርስ ድረስ ስለ ሕይወቴ ብዙ አስባለሁ። ባለፈው ወር የሊቶኒያው ሱሀይብ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ «ጋሽዬ፣ ወርውረዋታል ወይስ በፖስታ ቤት ልከዋት ነው?» ሲላቸው ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። ኳሷ በመጨረሻ ስትደርስም መትቷት፣ አጥሩን አሻግሮ የተጫዋቹን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የእርስዎንም፣ መኪና መስታወት አረገፈ።

3ኛ. ገሊላ። ይህች ልጅ ከሆስፒታል ፈረቃዋ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር እየመጣች ሁለት ዓመት ሙሉ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ልምምድ ላይ የወረወረችልኝ ኳስ መዳፌን እስከ ሰኞ ያቃጥለኛል። የሮዝዌል ቡድን ጠርቷታል፤ ቅዳሜ ካልወረወረች እሁድ የእነሱ ናት።

4ኛ. በወጋችን መሠረት ሽማግሌ መላክ ነበረብን፤ ልንልክም ነበር። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ማን እንደሆኑ ሲጣራ ግን እርስዎ ሆነው ተገኙ። ምክትልዎ ጋሽ ኃይሉም አቤቱታችንን በጥሞና ሰምተው፣ «ለሰብሳቢው አቀርብላችኋለሁ» ብለው አሰናበቱን።

ስለዚህ ጋሽ ለገሰን ለሊቶኒያ ሰጥተን፣ በምትኩ ሁለት ዱላና ያቺን ሰፊ የጥላ ድንኳናቸውን እንቀበል። ድንኳኗ ቢያንስ ልወርውር አትልም።

ምስጋናዬን ሳላቀርብ ግን አልሰናበትም። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት በቤተክርስቲያኑ ፓርኪንግ ውስጥ ኳስ አያያዝ ያሳዩን እርስዎ ነዎት። የገሊላን ጣቶች የኳሷ ስፌት ላይ አንድ በአንድ አስቀምጠው መወርወር ያስተማሯትም እርስዎ ነዎት። በደንብ ስላስተማሯት እናመሰግናለን፤ ችግሩ የመጣው ከዚያ ነው።

ከማይጓደል አክብሮትና ቅዳሜ ከሚያስፈልግዎ የበረዶ ከረጢት ጋር፣
ኤልቃና
የቡድኑ ኳስ ተቀባይ

ያልጻፍኩት ቢኖር፦ በዚህ ሐሳብ ላይ የሊቶኒያውን አምበል ሸምሰዲንን አስቀድሜ አማክሬው ነበር። ጋሽ ለገሰን አልወስድም ብሏል። ቅዳሜ የሚወረውሩት እሳቸው መሆናቸውን ካረጋገጥንለት ግን፣ ሁለቱንም ዱላ፣ ድንኳኗንም ጭምር፣ ዛሬውኑ ማሪዬታ ድረስ ነድቶ ያመጣልናል።