«ከእሱ ጋር አልሄድም»

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ማታ

ዛሬም ሰደርያውን ደርቤ ወጣሁ። የሚያንጸባርቀውን፣ ትከሻዬ ላይ የሚጠበኝን። አጣማሪዬ ሐያት እንደ ልማዷ አርፍዳ መጣች። የማታ አጃቢዎች ጥንድ ጥንድ ነን፤ አንድ ወንድ፣ አንድ ሴት። ከላይብረሪ የወጣ ተማሪ ጨለማውን ብቻውን እንዳያቋርጥ እስከ ዶርም፣ ካልሆነም እስከ ዋናው በር እናደርሳለን። ክፍያ የለውም። ደስ ይለኛል ግን። ደብተሬ፣ ካንተ አልደብቅም፣ በዚህ ግቢ መምጣቴን የሚጠብቅ ሰው ያለው እዚህ ሥራ ላይ ብቻ ነው።

ሰዓዳን አደረስናት። የመጀመሪያ ዓመት ናት፤ ከቤተሰቦቿ ቤት ትመላለሳለች፣ ከበሩ የዘነበወርቅ ታክሲ ትይዛለች። ዝምተኛ። እኔ አወራሁ፣ ስለ ፈተና። የሳቀች መሰለኝ። ነፋሱ ከቆሼ የቆሻሻውን ክምር ሽታ ይዞ መጣ፣ ሁላችንም አፍንጫችንን ያዝን።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10፣ ከሰዓት

ግራ ገባኝ። አስተባባሪያችን መ/ርት ወይንሸት ቢሮ አስጠሩኝ። በሩን ዘጉት፣ ከዚያ መልሰው ገርበብ አደረጉት። ሰዓዳ ሌላ አጃቢ ጠይቃለች አሉ። «ከእሱ ጋር አልሄድም» ብላለች።

ምን አድርጌ? አልነገረቻቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቋትም፤ ደንቡ ምክንያት አይጠይቅም። ክስ አይደለም፣ ጥያቄ ነው አሉኝ። ልዩነቱ አልገባኝም። እሺ ብዬ ወጣሁ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ምሳ አልበላሁም። አይ፣ በልቻለሁ። ምን እንደበላሁ ነው የረሳሁት።

ያው ረቡዕ፣ ማታ

ሐያትን ጠየቅኋት። እኔ እንጃ አለች። ሳታየኝ ነው ያለችው። እሷም ታውቃለች? ወይስ እኔ ነኝ ሁሉን የምጠረጥር?

ሰኞን እንደገና አሰብኩት። ሐያት ስልክ ልታነሳ ወደ ኋላ ስትቀር እኔና ሰዓዳ ትንሽ ቀድመን ሄደናል። እዚያ ላይ ይሆን? ሰፈርሽ የት ነው ብዬ ጠይቄያለሁ። መብራት ሲሄድ ባትሪውን ፊቷ ላይ አብርቻለሁ፤ ሳላስበው ነው። ወይስ ከቤተሰቦቿ አንዱ ከወንድ ጋር አያት? ወይስ ከሌላ ሰው ጋር ተመሳሰልኩባት? ተናደድኩ። በጎ ልሥራ ብዬ እንደ ሌባ! ቀጥሎ አፈርኩ። ቀጥሎ እንደገና ተናደድኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ ማታ

ይህን መጻፍ አልፈልግም።

ዛሬ ተረኛ አልነበርኩም። ሰደርያም ሳልለብስ ከዋናው በር ውጪ፣ አጥሩ ጥግ ቆሜ ጠበቅኋት። አንድ ጥያቄ ብቻ፤ ምን በደልኩሽ? ሐያትና አዲሱ አጃቢ እስከ በሩ አድርሰዋት ተመለሱ። ወደ ፌርማታው ስታመራ ተከተልኳት። ስሟን ጠራሁ። ዞር ብላ አየችኝ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችና እርምጃዋን አፈጠነች።

እኔም አፈጠንኩ። ለምን? ላስረዳት እኮ ነው። እንዳትፈራኝ ልነግራት ነው የምሮጥባት።

የአንድ ታክሲ ረዳት «ዓለም ባንክ፣ ዓለም ባንክ» ይላል። የሷ መንገድ በዚያ አይደለም። ዘላ ገባች። ታክሲው ሄደ። እኔ ፌርማታው ላይ ተገትሬ ቀረሁ። አንዲት እናት ልጃቸውን ወደ ሌላ ጎናቸው አዛወሩ። እኔን ፈርተው ይሁን መኪናውን አላውቅም።

ማታ ማታ ተማሪዎቹን እያጀብን የምንጠብቃቸው ከምንድን ነው? ዛሬ ጥጉ ጋ ቆሞ የነበረው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፣ ዓለም ባንክ

እህቴ ጽጌ ጋ መጣሁ። ታላቄ ናት፤ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ሁሉንም ነገርኳት። ታዝንልኛለች ብዬ ነበር። ልብስ እያጠፈች ሰማችኝ። ከዚያ የራሷን ነገረችኝ፤ ከሥራ ስትመለስ፣ ከታክሲ ወርዳ እስከ ኮንዶሚኒየሙ፣ ማንም ሳይደውልላት ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ «ደርሻለሁ፣ በሩን ክፈቱልኝ» እያለች ነው የምትገባው። ቤት ውስጥ የሚከፍትላት የለም። ይህን ስትነግረኝ የመጀመሪያዋ ነው። ጠይቄያትም አላውቅም።

«እኔ እኮ ክፉ ሰው አይደለሁም» አልኳት።

«እኔማ አውቃለሁ። እሷ በምን ትወቅ?»

ልክ ናት። ግን ደግሞ ሰው ባላደረገው... ልክ አይደለችም። እኔ እንጃ። ያቀረበችልኝ ሻይ ቀዘቀዘ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ይቅርታ ልጽፍላት አሰብኩ። ቁጥሯ የለኝም፤ ከሐያት ልቀበል ብዬ ስልኬን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። ያም መከተል ነው።

ምክንያቷን መቼም ላላውቀው እችላለሁ። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ምናልባት እስከ ረቡዕ ምንም አላጠፋሁም ይሆናል። ምናልባትም አጥፍቻለሁ። የሐሙሱን ግን «ምናልባት» ልለው አልችልም። ለሰዓዳም የምትፈራበት ምክንያት የሰጠኋት እኔው ነኝ፤ ከዚያ በፊት ባይኖራት እንኳ አሁን አላት።

ሰኞ፣ ኅዳር 15፣ ጠዋት

ከትናንት እሻላለሁ። አልሻልም። ብቻ መ/ርት ወይንሸት ቢሮ ሲገቡ ቀድሜ አገኛቸዋለሁ። ከሰዓዳ ሳይሰሙ ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ ጠበቅኋት፣ ተከተልኳት፣ በዚሁ ቃል። «ለማስረዳት ፈልጌ ነው» የሚለውን አልጨምርበትም። ካሰናበቱኝ እሺ እላለሁ። ሰዓዳን ከእንግዲህ መንገድ ላይ ካየኋት ደግሞ ወደ ማዶ የምሻገረው እኔ ነኝ።