ከፊት ወንበር የምትቀመጠው

ኢታና፣

ቁልፉን እማማ ማናልበሽ ጋ ትቼልሃለሁ። ቡታጋዙ ስለሚያጨስ ክሩን ዝቅ አድርገው።

የድሮው የኪነት ቡድናችሁ ዛሬ ጎባ ለትርኢት እንደገና ሲሰባሰብ እኔ አልመጣም፤ ሲናና ያለችው እህቴ ጋ ሄጃለሁ። አኮርዲዮንህን እንደሆነ ቤት ውስጥ ጠግቤዋለሁ።

ትናንት ቀበሌ አዳራሽ ባለው ቴሌቪዥን አዲሱን ድራማ ከወሰንየለሽ ጋር አየን። አይረባም። ሰውየው የሚወዳትን ልጅ እያየ እስከ መጨረሻው ዝም ይላል። ወሰንየለሽ ግን ሳቀችና፣ «ይሄ ሰውዬ ቁርጥ አንተን» አለችኝ።

ልነግራት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ፤
«ለኢታና ንገርልኝ፣ ነገ ከፊት ወንበር ነኝ።»

ይኸው ነገርኩህ።

ያንተ ሸሚዝ ኮሌታው አልቋል። የኔን ነጩን ልበስ፤ ተኩሼ ሰቅዬዋለሁ።

ጉርሜሳ